ዘይት፣ ሰምና ቫርኒሽ፦ በካፋ እርጥበት ውስጥ የእንጨት እጀታ አጠባበቅ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ የካፋ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የቤተሰብን ኑሮ የሚሸከሙት ሥራዎች፣ ማለትም የቡና ማሳ ምንጠራና ኩትኳቶ፣ የእንሰት ተከላና ነቀላ፣ እንዲሁም የማገዶ ፈለጣ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚከናወኑት ብረትና እንጨት በተጋጠሙባቸው መሣሪያዎች ነው። የመጥረቢያው፣ የዶማው፣ የገጀራውና የማጭዱ ብረት ሲደንዝ እየተሳለ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ እጀታው ግን ዝናብና ፀሐይ፣ የእጅ ላብና የጎጆ ጭስ እየተፈራረቁበት ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል ወይም በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ይላላል። የላላ ዛቢያ፣ ማለትም የመጥረቢያ እጀታ፣ ከሥራ ማስተጓጎል አልፎ ለአደጋ ምክንያት ይሆናል፤ በከባድ ምት መካከል ብረቱ ሊወልቅ፣ በአካባቢው የቆመንም ሰው ሊመታ ይችላልና።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ የእንጨቱ ገጽ በልዩ ልዩ ፈሳሽ ይቀባል። ቅቦቹ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ሰርገው ገብተው እዚያው የሚጠጥሩት ዘይቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በእንጨቱ ላይ እንደ ስስ መስታወት ያለ ሽፋን ዘርግተው የሚደርቁት ቫርኒሾች ናቸው። ሁለቱም የየራሳቸው ስፍራ አላቸው፤ ይሁን እንጂ እንደ ቦንጋ ባለ እርጥበት በበዛበት አካባቢ፣ በየቀኑ ለሚጨበጥና ለሚመታ መሣሪያ ቅብ ሲመረጥ፣ ቅቡ አዲስ ሳለ ከሚያሳየው ጥንካሬ ይልቅ ሲጎዳ በቀላሉ መታደስ መቻሉ ይበልጥ ሊመዘን ይገባል።

እንጨትና እርጥበት

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ተን ውስጥ በእርግጥ የያዘው ድርሻ፣ 50 በመቶ በሚሆንበት ስፍራ የሚቀመጥ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋጋል፤ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲደርስ ግን የእንጨቱ ውሃ ወደ 16 በመቶ ከፍ ይላል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ፣ በተፈጥሮ ደን በተከበበ ተራራማ ምድር የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ አካባቢው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ የዝናቡም ወራት ከመጋቢት ግድም አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ በዚህ ምድር የሚውል እጀታ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል እርጥበት ጠጥቶና አብጦ ይከርማል፤ በበጋ ደግሞ፣ በተለይ እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ደርቆ ይኮማተራል።

እብጠቱና መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። እንጨት በቃጫው፣ ማለትም ግንዱን ተከትለው ወደ ላይ በሚወጡት ረጃጅም ክሮች፣ ርዝመት አቅጣጫ የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ በወርዱ ግን የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚያሳየው ለውጥ ከእንብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚያሳየው እጥፍ ይጠጋል። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጠንካራ እንጨት እጀታ የውሃ መጠኑ ከ20 ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ሊቀጥን ይችላል፤ ይህ ለዓይን የማይታይ የሚመስል ልዩነት ዶማን ከእጀታው ለማላላት በቂ ነው።

ብዙ ሰው የላላን መሣሪያ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የማሳደር ልማድ አለው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ ለጊዜው ይጠብቃል፤ ሆኖም ብረቱ አይለጠጥምና ያበጠው እንጨት በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ተጨፍልቆ ቃጫው ይደቅቃል፤ ሲደርቅም ከቀድሞው ይበልጥ ቀጥኖ ይላላል። ዘላቂው መፍትሔ በደረቅ እንጨት መጀመር፣ እጀታውን በሽብልቅ ማጥበቅና የእርጥበቱን መግቢያና መውጫ በቅብ ማዘግየት ነው።

ማዘግየት የሚለው ቃል እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ እርጥበትን ፈጽሞ የሚያግድ ቅብ የለምና። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ የተለያዩ ቅቦችን ባነጻጸረበት ጊዜ፣ የተልባ ዘይት ብቻውን ሲቀባ የውሃን ተን የማገድ አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን፣ በተደራራቢ የተቀባ ቫርኒሽ የተሻለ ማዘግየቱን፣ እንደ ሰም ያለ ቅብ ደግሞ ወፈር ብሎ ሲለጠፍ ከሁሉም ልቆ መገኘቱን አሳይቷል። እንግዲህ በዘይት የተቀባ እጀታ ከአየሩ ተን አይጠበቅም፤ የሚያገኘው ጥቅም ሌላ ነው። የዝናብ ጠብታ ቶሎ አይሰርግበትም፣ ላብና አፈር ወደ ውስጥ አይዘልቁበትም፣ ገጹ አይሻክርም፣ የመድረቁና የመራሱ ፍጥነትም በመጠኑ ስለሚቀንስ ስንጥቃቱ ይቀላል።

የሚደርቅና የማይደርቅ ዘይት

ዘይት ሁሉ ለእጀታ አይሆንም። ውሃ የሚደርቀው ተኖ ሲጠፋ ነው፤ ለእንጨት የሚሆነው ዘይት ግን የሚጠጥረው አንዳች ነገር ከውስጡ ወጥቶ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ስቦ ነው። የዘይቱ ሞለኪውሎች በውስጣቸው ድርብ ትስስር የሚባሉ የካርቦን መገጣጠሚያዎች አሏቸው፤ ኦክስጅን በእነዚህ መገጣጠሚያዎች አጠገብ ሲያርፍ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ፤ ፈሳሹም ቀስ በቀስ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። ድርብ ትስስሩ በበዛ መጠን ዘይቱ ፈጥኖና አጥብቆ ይደርቃል።

ኬሚስቶች ይህን ባሕርይ በአዮዲን ቁጥር ይለካሉ፤ ይህም 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን እንደሚስብ የሚገልጽ አኃዝ ነው። የተልባ ዘይት ቁጥር ከ170 እስከ 200 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ የኑግ ዘይት ደግሞ 130 ገደማ ነው። የወይራ ፍሬ ዘይት በ80ዎቹ ይገኛል፤ በየሱቁ የሚረጋ ዘይት እየተባለ የሚሸጠው የፓልም ዘይት ግን ከ50 ብዙም አይርቅም። በዚህ መሠረት ተልባ በሚገባ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ኑግ ቀርፋፋ ቢሆንም በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ የሚረጋው ዘይት ግን በእንጨቱ ላይ ወራት ቢቆይም እንደተጣበቀ ይኖራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆናል። ቅቤና ጮማም የሚመደቡት ከዚሁ ጋር ነው፤ እንጨቱን ለጊዜው ያለሰልሳሉ፣ ውሃንም ጥቂት ያንሸራትታሉ፣ ነገር ግን ጠጥረው መከላከያ አይሆኑም።

ኢትዮጵያ በሚደርቁ ዘይቶች ረገድ የታደለች አገር ናት። ተልባ በአርሲ፣ በባሌና በሸዋ ደጋዎች፣ ኑግ ደግሞ በጎጃም፣ በጎንደርና በወለጋ ከጥንት ጀምሮ ይመረታሉ፤ የኑግም ሳይንሳዊ ስም አቢሲኒካ የሚለውን የአገሪቱን የቀድሞ መጠሪያ ይዟል። ካፋ ዋና አምራች ባይሆንም ሁለቱም በገበያ በኩል ይደርሱታል። ኑግን ለእጀታ ማዋል የሚፈልግ ሰው ተጣርቶ ዝቃጩ የተለየለትን ዘይት መምረጥ፣ በሥሡ መቀባትና በእያንዳንዱ ዙር መካከል ከተልባው የረዘመ የማድረቂያ ጊዜ መስጠት አለበት። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጥንት የተልባን ዘይት ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ አድርገው ለሳምንታት ለፀሐይ በማስጣት ያወፍሩትና አደራረቁን ያፈጥኑት ነበር፤ ይህም ዘዴ ኦክስጅን የመሳቡን ሥራ ከመቀባቱ በፊት የሚያስጀምር በመሆኑ ለኑግም ቢሞከር ከዘይቱ ባሕርይ ጋር ይስማማል።

በሃርድዌር መደብሮች የተፈላ የተልባ ዘይት በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ በአብዛኛው የተፈላ አይደለም፤ መድረቁን የሚያፋጥኑ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ውሁዶች በጥቂቱ የተጨመሩበት ነው። ንጹሑ ተልባ ለመድረቅ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ሲፈልግ፣ ይህኛው በደረቅ አየር በአንድ ቀን አካባቢ ይጠጥራል። በእነዚህ ብረቶች ምክንያት ግን ለወጥ ማማሰያ፣ ለገበታም ሆነ ለምግብ ቢላዋ እጀታ አይመከርም። የቡና ሙቀጫና ዘነዘና ደግሞ ቫርኒሽም ሆነ ማንኛውም ሽታ ያለው ቅብ ሊነካቸው አይገባም፤ ቡና በአጠገቡ ያለውን ሽታ ቶሎ ይስባልና።

ከሁሉ ይልቅ ሊወገድ የሚገባው ለቤት ምሰሶ ምስጥ መከላከያ እየተባለ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ይህ ዘይት አይደርቅም፤ በሞተሩ ውስጥ በነበረበት ጊዜ የብረት ብናኝና ለካንሰር ሊያጋልጡ የሚችሉ ውሁዶች ተከማችተውበታል። በምሰሶ ላይ ቢቀባ የሰው እጅ አዘውትሮ አያገኘው ይሆናል፤ በእጀታ ላይ ከተቀባ ግን በየቀኑ ከላብ ጋር ወደ ቆዳ ይገባል፣ በመሣሪያውም በኩል ወደ ቡናውና ወደ እንሰቱ አፈር ይወርዳል።

የካፋው ሰም

በዚህ ጉዳይ ካፋ የታደለበት ሀብት የንብ ሰም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያሰፈረው የካፋ ደን፣ ለጫካ ቡና መኖሪያነቱ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ በረጃጅም ዛፎች ላይ በሚሰቀሉ ባህላዊ ቀፎዎች በሚመረተው ማርም የታወቀ ነው። ማሩ ለጠጅ ከተበጠበጠና ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በውሃ ተፈልቶ በጨርቅ ሲጠለል ንጹሕ ሰም ይወጣዋል፤ ይህም ሰም ለጧፍ ከሚውልበት ልማድ ባሻገር ለእንጨት ሁነኛ መከላከያ ነው።

ሰም ብቻውን ሲቀባ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በእጅም ላይ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከሚደርቅ ዘይት ጋር ተቀይጦ ቢሠራበት ይበጃል። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የተልባ ዘይት በሚዛን ተለክቶ፣ በትንሽ ጣሳ ተደርጎ፣ ጣሳውም በሙቅ ውሃ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቀልጣል። የሰም መቅለጫ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ በመሆኑ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል፤ ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ግን ቅይጡን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ቅባት ይሆናል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ይህ ቅይጥ በተለይ የሚጠቅመው በእጀታው የተቆረጡ ጫፎች ላይ ነው፤ ቃጫዎቹ በዚያ በኩል እንደ ተከፈቱ ቱቦዎች ስለሆኑ እንጨቱ ውሃ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል እጅግ ፈጥኖ ይጠጣልና።

ቫርኒሽ የሚያዋጣበትና የማያዋጣበት

ቫርኒሽ በመሠረቱ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፤ ሽፋኑን የሚያጠነክር ሙጫ፣ የሚያለሳልስና የሚያያይዝ ዘይት፣ እንዲሁም ፈሳሹን አቅጥኖ በኋላ ተኖ የሚጠፋ ማሟሚያ። ጥንት ሙጫው ከዛፍ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው በፋብሪካ የሚቀመሙት አልኪድና ፖሊዩሬቴን ተክተውታል። ቫርኒሽ በተገቢው መንገድ ሲቀባ ከዘይት ይልቅ ተንን ያዘገያል፣ ቆሻሻን ያርቃል፣ የእንጨቱንም መልክ ያጎላል፤ ከፋብሪካ የሚመጡ አካፋዎችና መዶሻዎች በቫርኒሽ ወይም በላከር ተቀብተው የሚሸጡትም በመጓጓዣና በመደርደሪያ ላይ ሳሉ እንዳይበላሹና ለገዢም እንዲያምሩ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሥራ ሲጀመር ነው። የተመታ፣ የወደቀ ወይም በድንጋይ የተፋቀ እጀታ ሽፋኑ አንድ ቦታ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ በሽፋኑና በእንጨቱ መካከል ይሠርጋል፤ ያልተሰበረው ሽፋን ደግሞ ውሃው ተመልሶ እንዳይወጣ ያግደዋል። የእንጨት የውሃ መጠን ከ20 በመቶ በታች ሲሆን የብስባሽ ፈንገስ አያድግበትም፤ በተሰነጠቀ ቫርኒሽ ሥር የተያዘ እንጨት ግን ከዚህ ወሰን ለረጅም ጊዜ አልፎ ሊቆይ፣ መጀመሪያ ሊጠቁር ቀጥሎም ሊበሰብስ ይችላል። በተጨማሪም የፀሐይ ጨረር ሽፋኑን እያደረቀ እንዲላጥ ያደርገዋል። የተላጠውን ለማደስ የቀረውን ሁሉ ፍቆ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል፤ ዘይት የተቀባ እጀታ ግን ተጠርጎ በላዩ ላይ ይደገማል።

ሌላው ጉዳይ የእጅ ነው። ለስላሳው ሽፋን ላብን ስለማይጠጣ በተለይ ገጀራ ለረጅም ሰዓት በሚወነጨፍበት የቡና ማሳ ምንጠራ እጅ ይንሸራተታል፤ ሠራተኛውም አጥብቆ ለመጨበጥ ሲል መዳፉ ይላጣል፣ ውኃም ይቋጥራል። ልምድ ያላቸው አናጺዎች አዲስ የተገዛን መሣሪያ ቫርኒሽ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው በዘይት የሚተኩት ስለዚህ ነው። ቫርኒሽ የሚያዋጣው እምብዛም ለማይጨበጡና ለማይመቱ ክፍሎች፣ ለምሳሌ ለመሣሪያ ሳጥን፣ ለመጋዝና ለመላጊያ አካል፣ እንዲሁም ከቤት ለማይወጡ ዕቃዎች ነው።

የአቀባቡ ሥርዓት

የሥራው ስኬት ከቅቡ በፊት በእንጨቱ ምርጫና ድርቀት ይወሰናል። ለእጀታ የሚመረጠው እንደ ወይራና ክትክታ ያለ ጠንካራና ጉጥ የሌለበት እንጨት ነው፤ በሰፊው የተተከለው ባሕር ዛፍም ያገለግላል። ለቤት ዕቃ ተወዳጅ የሆነው ዋንዛ ግን ቀላልና ለስላሳ በመሆኑ የምትን ኃይል አይችልም። ከግንዱ ተፈልጦ የወጣ እጀታ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለማይቆረጥ በመጋዝ ከተሰነጠቀው ይበልጥ ይጸናል። እርጥቡ እንጨት ጫፎቹ በሰም ተቀብተው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር አየር እያገኘ ለወራት ሊቆይ ይገባል፤ እርጥብ እንጨትን መቀባት ውሃውን ወደ ውስጥ መቆለፍ ይሆናልና።

የደረቀው እጀታ በመጥረቢያና በቢላዋ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፤ ከዚያም መጀመሪያ በሻካራ፣ በኋላም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቃጫውን ተከትሎ ይለሰልሳል። በእርጥብ ጨርቅ ቀለል አድርጎ አብሶ ሲደርቅ የተነሡትን ፀጉር መሰል ክሮች በደቃቁ ወረቀት መጥረግ ገጹ በመጀመሪያው ዝናብ እንዳይሻክር ይረዳል። ዘይቱ በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ለብ ተደርጎ በጨርቅ በብዛት ይቀባል፤ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሰርግ ከተተወ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ላይ ነው፤ በገጹ የቀረ ወፍራም ዘይት ላዩ ብቻ ደርቆ ውስጡ ስለማይጠጥር እጀታው ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ዙር በሚገባ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጀመርም፤ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ለአዲስ እጀታ ይበቃል፤ የተቆረጡት ጫፎችና ወደ ብረቱ ቀዳዳ የሚገባው ክፍል ተጨማሪ ዙር ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ የዘይትና የሰሙ ቅይጥ በሥሡ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል።

ቫርኒሽ ለመቀባት የተመረጠ ዕቃ ደግሞ የመጀመሪያው ዙር በቲነር፣ ማለትም በማሟሚያ፣ ቀጠን ተደርጎ እንዲሰርግ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየተፋቁ እንዲደራረቡ ይደረጋል። ሥራው ዝናብ ወይም ጤዛ በሌለበት ሰዓት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታና ከእሳት ርቆ መከናወን አለበት፤ የማሟሚያው ተን ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል።

ስለ እሳት ሲነሣ የተልባ ዘይት ሊሸሸግ የማይገባ አደጋ አለው። ዘይቱ ኦክስጅን በሚስብበት ጊዜ ሙቀት ያመነጫል፤ በእጀታው ላይ ሲቀባ ሙቀቱ ወደ አየሩ ይበተናል፤ በተጨማደደና በተቆለለ ጨርቅ ውስጥ ግን ይጠራቀምና ክብሪት ሳይነካው ጨርቁን ሊያቀጣጥል ይችላል። በሣር ክዳን ቤቶች አካባቢ ይህ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም። የተጠቀሙበት ጨርቅ ወዲያው ከቤት ውጭ በገመድ ላይ በነጠላው ተዘርግቶ እስኪጠጥር ይተዋል፤ አለዚያ ውሃ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ይነከራል።

የጊዜና የወጪ ስሌት

በካፋ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ወቅት በጋው ነው። የቡና ለቀማው ሲጋመስና ዝናቡ ሲያቆም፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ አየሩ ደረቅ፣ እንጨቱም በዓመቱ ውስጥ ዝቅተኛውን ውሃ የያዘ ይሆናል፤ ዘይቱም ፈጥኖ ይጠጥራል። በዚህ ወቅት የላሉትን ሽብልቆች መለወጥ፣ እጀታዎቹን አጥቦና አድርቆ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ዘይት ማደስ፣ ጫፎቻቸውንም በሰም መዝጋት ለመጪው ረጅም የዝናብ ወራት ያዘጋጃቸዋል። በምዕራቡ ዓለም የእንጨት ባለሙያዎች ዘንድ አዲስ እጀታ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ለአንድ ወር በየሳምንቱ፣ ለአንድ ዓመት በየወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ አንድ ጊዜ ዘይት እንዲቀባ የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ እርጥበቱ በሚበዛበት የካፋ አየር ግን የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይበልጥ ተራርቀው፣ ዓመታዊው እድሳት ደግሞ ሳይቋረጥ ቢፈጸም ከአካባቢው ጋር ይስማማል።

ወጪውም ቢታሰብ ሚዛኑ ወደ ዘይቱ ያደላል። ለአንድ እጀታ የሚበቃው ዘይት ጥቂት ማንኪያ ነው፤ ሰሙ ከራስ ቀፎ ወይም ከጎረቤት ይገኛል፤ ሥራውም ከጨርቅና ከጠርሙስ ስባሪ የዘለለ መሣሪያ አይጠይቅም። በተቃራኒው በየወቅቱ የሚሰበር እጀታ የሥራ ቀን ያስፈታል፣ አዲስ እንጨትም ያስቆርጣል፤ ወይራን የመሰሉ ለእጀታ የሚመረጡ ዛፎች ደግሞ ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጁ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በርካታ መሣሪያ በሚይዙበት ዞን የእጀታን ዕድሜ በጥቂት ዓመታት ማራዘም ከቤተሰቡ ኪስ አልፎ በደኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። የተልባ ዘይትና የሰም ቅይጥ በቆርቆሮ ታሽጎ ለገበያ ቢቀርብ ደግሞ፣ ለማር አምራቾች ከማሩ ጎን ለጎን ተጨማሪ ገቢ የሚያስገኝ፣ ለወጣት አናጺዎችም በቀላል ሥልጠና ሊጀመር የሚችል አነስተኛ ሥራ መሆን ይችላል።